በጣቱ የፈረመው ምሁር

ታናሽ ወንድሜ በሰላም ጃፓን ገብቷል። ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሁለቱን አመልካች ጣቶቹን አሻራ እንደሰጠ፣ ፎቶግራፍም እንደተነሣ በስልክ ሲነግረን እናቴ ቅር አላት። "ሁለተኛ ዲግሪ ሊማር የሄደ ሰው በጣቱ ይፈርማል? ስሙን መጻፍ አይችልም አሏቸው?"

በእርሷ ዘመን በጣቱ የሚፈርም ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው። ለፋይዳ መታወቂያ አሥሩንም ጣቶቿን እዚሁ ጅማ እንደሰጠች ባስታውሳት "እሱ ለአገሬ ነው" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ጃፓኖች ይህን አሠራር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ነው። በሕግ ከተለዩ ጥቂቶች በቀር 16 ዓመት የሞላው የውጭ ዜጋ ሁሉ ይሰጣል፤ በልጇ ላይ ብቻ የመጣ ነገር የለም።

እኔን ሲያስጨንቀኝ የሰነበተው ግን ሌላ ነው። ቪዛው የተመታለት ዕለት ጎረቤቱ ቡና ጠጥቶ፣ መርቆ፣ ነገሩ አለቀ ብሎ ተነሣ። በሕጋቸው ግን ቪዛ ብቻውን አያስገባም። የማረፊያ ፈቃድ የሚባለውን፣ አገር የሚያስገባውን ፈቃድ የሚሰጠው አውሮፕላን ማረፊያው መስኮት ጋ የተቀመጠው የኢሚግሬሽን መርማሪ ነው። ሰነዱ ትክክል መሆኑን፣ ልጁ መጣሁበት የሚለው ጉዳይ እውነት መሆኑን፣ የቆይታው ጊዜም ከዚያ ጋር መግጠሙን ይመዝናል። ካልረካ ወደ ልዩ መርማሪ ይመራዋል። እዚያም ካልተሳካ በ3 ቀን ውስጥ ለፍትሕ ሚኒስትሩ አቤት ማለት ይቻላል። የአቤቱታው መንገድ በሕግ መጻፉን እወድደዋለሁ፤ ነገር በአንድ ሰው ፊት መጥቆርና መፍካት አይወሰንም። ቢሆንም እንቅልፍ ያጣ ልጅ፣ የቤተሰቡ የቡና ገንዘብ በትኬት ላይ ያለቀበት ልጅ፣ እዚያ መስኮት ፊት እንዴት ብሎ ይረጋጋል? እኔ ብሆን የገዛ ስሜም ይጠፋብኝ ነበር። እርሱ ግን ጥያቄው ጥቂት እንደነበረ ነው የነገረን።

የነዋሪነት ካርዱን እዚያው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ተቀብሏል። መኖሪያ ቤት ከያዘ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አድራሻውን ያስመዘግባል። ተማሪ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት እንዲሠራ የሚያስችለውን ፈቃድም አብሮ ጠይቋል።

ይህን የመጨረሻውን ለእናቴ ባልነገርኳት ይሻል ነበር። አሻራውን ረስታ "28 ሰዓት ሠርቶ መቼ ሊያጠና ነው?" እያለች ነው። ነገ ራሷ ልትደውልለት ነው።