ከግድግዳ የወረዱ ፎቶዎች

ዛሬ እማዬ ቤት ከትልልቆቹ ፎቶዎች ጋር ስታገል ዋልኩ። ቤቱ ቀለም ሊቀባ ስለሆነ ሁሉም ወረዱ፤ የሠርጋቸው፣ አባዬ በወታደር ልብስ፣ አያቴ በጥበብ ቀሚስ።

የአያቴ ፎቶ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። በየክረምቱ ያ ግድግዳ እርጥበት ያወጣ ነበር። በጥፍሬ ጠርዙን ልላጥ ስል አፏ አካባቢ ያለው ቀለም መስታወቱ ላይ ሲቀር አየሁና ወዲያው ተውኩት። የተጣበቀ ፎቶ በጉልበት አይላቀቅም። ከነመስታወቱ መስኮት ሥር አስቀምጬ በስልኬ ደጋግሜ አነሳሁት።

ሌሎቹን ከፍሬማቸው አውጥቼ ሰፊ ካርቶን ውስጥ አስተኛኋቸው፤ በየመሃላቸው አሲድ የሌለው ነጭ ወረቀት አደረግሁ። እማዬ ጋዜጣ አምጥታልኝ ነበር፤ ጋዜጣ ግን አሲድ ስላለው ፎቶ ያበላሻል። ካርቶኑ ቁምሳጥን ውስጥ ገባ። ቆርቆሮው ሥር ሙቀቱ፣ ወለሉ ላይ እርጥበቱ አያስቀምጠውም።

ከሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ፎቶዎቹ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም መጻፉ ነው። በእስክሪብቶ ከተጻፈ ቀለሙ ወደ ፊት ስለሚያልፍ፣ ከጀርባ ጠርዙ ላይ በለስላሳ እርሳስ ነው የጻፍኩት። እማዬን «ይቺ ማናት?» ስላት፣ «አንተን አዝላ ያሳደገችህ ጎረቤታችን! እንዴት ረሳሃት?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የእኔም።

ሠርጉ ፎቶ ላይ በስተግራ ጥግ፣ ጧፍ ይዞ የቆመውን ልጅ ግን እሷም አላወቀችውም። ነገ አክስቴ ጋ እደውላለሁ።