ደሙ ከጨጓራ አልነበረም

ታናሽ ወንድሜ ደም ሲያስመልስ አስታማሚው እኔ ነበርኩ። ድንገተኛ ክፍል ገባ፣ ግሉኮስ ተሰቀለለት፣ ደም ተሰጠው፣ ተረጋጋ። እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ እያለ "ጨጓራ ነው" ተብሎ ኦሜፕራዞል ይዞ ወጣ። ኢንዶስኮፒስ (በአፍ ገብቶ ውስጡን የሚያሳየው ካሜራ)? ቀጠሮ ያዙ። ካርድ ክፍል ወደ ቀጠሮ ክፍል፣ ቀጠሮ ክፍል ወደ ካርድ ክፍል። አንዴ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ አንዴ ባለሙያው ስልጠና ላይ ነው። ቀኑ ሳይደርስ ድጋሚ ደም አስመለሰ።

በስንት መከራ ሲታይ ቁስል የሚባል ነገር የለም። የምግብ ቧንቧው የታችኛው ክፍል ላይ ደም ስሮቹ አብጠዋል። መጠጥ ጉበትን ሲጎዳ እንዲህ ስለሚያመጣ፣ አሁን ደግሞ ጥያቄው "ስንት ዓመት ጠጣ?" ሆነ። ኧረ አይጠጣም! "እውነቱን ንገሩን እንጂ!" እናታችን ቆማ እየሰማች! ሄፓታይተስ የለበትም፣ የጉበት ምርመራው ደህና ነው፣ ጣፊያው ግን አብጦ እምብርቱ ጋ ደርሷል። ይሄን ሁሉ አይቶ አረቄ ላይ ሙጭጭ ማለት ምን ይባላል? እስካሁን ያበግነኛል።

ሌላ ተረኛ ሐኪም፣ ገና ወጣት ናት፣ "የት ነው ያደገው?" አለች። ጣና ዳር፣ ስንዋኝ ነው ያደግነው። ቢልሃርዝያ ነበር፤ ሐይቅ ውስጥ ሲዋኙ በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ። ትሉ የአንጀት ደም ስር ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ ጉበት ውስጥ እየተቀረቀረ የደሙን መንገድ ያጠባል፤ መንገድ ያጣው ደም ወደ ምግብ ቧንቧው ደም ስሮች ይገፋል። ጉበቱ ግን ሥራውን አያቆምም፣ ለዚህ ነው የላብራቶሪው ወረቀት የሚሸውደው። ሰገራውም እንቁላል አላሳየም፤ በሽታው ከቆየ እንዲህ ያጋጥማል። የለየለት በአልትራሳውንድ ነው።

ደም ስሮቹ በላስቲክ ቀለበት ታሰሩ። እስኪጠፉ ድረስ በየጥቂት ሳምንቱ መመላለስ አለ። የደም ስሮቹን ግፊት የሚቀንስ ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት ይወስዳል። ፕራዚኳንቴልም በኪሎ 40 ሚሊግራም ሂሳብ ተሰጠው፤ ትሉን ይገድላል፣ ያበጡትን ደም ስሮች ግን አያጠፋም።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር አጽፉ የሚሏችሁን፣ ደም ላስመለሰ ሰው እኔ አልቀበልም። ኢንዶስኮፒና ደም ያለው ሆስፒታል ቅርብ ከሆነ በቀጥታ እዚያ። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ አታስጠጉት። ባይጠይቋችሁም የት ውሃ እንደዋኘ ተናገሩ። አብረውት የዋኙትም ይመርመሩ። እኔም ታይቼ መድኃኒቱን ወስጃለሁ።