ባቲ ላይ ጭራዋን ያስጣልኳት

እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ የሚወራ ነገር የለውም፤ ተኛሁ፣ ነቃሁ፣ ደረስኩ። ከዚያ ወደ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁል በወረድን ቁጥር አንድ አንድ ልብስ አወለቅሁ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ለእኔ ሙቀት ማለት ሁለተኛውን ጋቢ መግፈፍ ነው።

ለሰኞ ገበያ ብዬ እሁድ ማታ ገባሁ። አልጋው 600 ብር ተባልኩ። አጠገቤ ያለው ሾፌር ያንኑ ዓይነት ክፍል በ400 ይዟል። «የገበያ ዋዜማ ስለሆነ ነው» አሉኝ። ለሾፌሩ ዋዜማው አልደረሰም መሰለኝ። ቬንትሌተሩ ደግሞ ለጌጥ ነው የተሰቀለው።

ጋደም ስል አምፖሉ አጠገብ የጣት ቁመት ያላት እንሽላሊት ተለጥፋለች። ዘልዬ ተነሳሁና በነጠላ ጫማ ሰነዘርኩ። እሷ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገባች፤ ጭራዋ ግን ወለሉ ላይ ቀርቶ ብቻውን ይፈራገጣል። ጩኸቴን ሰምታ አልጋ የምታነጥፈው ሴትዮ መጣች። አይታ ሳቀች።

«አብሽር ወንድምዋ! እሷ እኮ ትንኙን ነው የምትለቅምልህ።»

እንቅልፍ እንደሁ እምቢ ብሏል፤ ስልኬን አወጣሁ። ጌኮ ይሏታል። መርዝ የላትም። ግድግዳ ላይ የሚያቆማት ሙጫ አይደለም፤ ከጣቶቿ ስር ያለ፣ በዓይን የማይለይ ደቃቅ ፀጉር ነው። ጭራዋን የምትጥለው ጠላት እሱን ሲያይ እሷ እንድታመልጥ ነው። ሌላ ይበቅልላታል፣ ውስጡ ግን አጥንት ሳይሆን ልም አጥንት ነው። ደግሞ ጭራው ስብ የምታስቀምጥበት ጎተራዋ ነው። ጎተራዋን ነው ያስጣልኳት።

ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ተመለሰች። አሁን ዝም ብዬ አየኋት። አምፖሉ ላይ የእሳት እራት ይንደፋደፋል። ቀስ አለች፣ ቆመች፣ ደግሞ ቀስ አለች... ላፍ! ክንፉ ከአፏ ጎን እንደወጣ አላመጠችው። ከዚያ ምላሷን አውጥታ የገዛ ዓይኗን ላሰችው! የሚከደን የዓይን ቆብ የላትም፤ አቧራውን የምትጠርገው በምላሷ ነው። በስሱ የሆዷ ቆዳ ስር ሁለት ነጫጭ ክብ ነገሮች ይታያሉ።

እንቁላል። ነፍሰ ጡር ነበረች ለካ።

ገበያው ግመሉም ሰዉም እንደተወራለት ነው። ማታ ስመለስ ሴትዮዋ አምፖሉን አብርታ ጠበቀችኝ። «እንግዳህ ጨለማ ውስጥ ምን ትብላ ብዬ ነው» አለች።

ስለ 200 ብሯ ግን ማንም አላነሳ።