ከፊቴ ያለውን እግር ስከተል

ህዳር 2010 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ ላይ የወጣሁት ከመስሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ለመጨፈር ያህል ነበር። ከ40 ሺህ በላይ ሰው መሐል ትንሽ እየሮጥኩ፣ ብዙ እየተራመድኩ 10 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ጨረስኩ። በዚያው ሰሞን ሐኪም «ግፊት እየጀመረህ ነው» ብሎኝ ነበር። ያኔ ገና 34 ዓመቴ ነበር። አባቴን የወሰደው ግፊት ስለሆነ ነገሩን ቀላል አድርጌ ማለፍ አልቻልኩም።

በሳምንቱ መስቀል አደባባይ ወረድኩ። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃው በሯጭ ተሞልቷል፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሮጦ አንድ እርከን መውጣት፣ ደግሞ መመለስ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ባለ በሌለ ኃይሌ ሮጥኩ። የትናንቱን ሰዓት ካላሻሻልኩ ቀኑን ሙሉ ይከፋኝ ነበር። በ2011 ታላቁ ሩጫን በ59 ደቂቃ ገባሁ። በ2012 ሰዓቴ ባለበት ቆመ፤ ታህሳስ ላይ ደግሞ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ቅልጥሜ መሬት አላስረግጥ አለኝ። የሲሚንቶ ደረጃ፣ ከሳልባጅ የገዛሁት ሶሉ ያለቀ ጫማ፣ አንድም ቀን አለማረፍ ተደማምረው ነው። ሦስት ወር ቆምኩ።

ሊሻለኝ ሲል ኮሮና ገባ። መስቀል አደባባይ ለእድሳት ታጠረ፤ ጃን ሜዳ ደግሞ አትክልት ተራ ተዛውሮበት ሽንኩርትና ቲማቲም ሞላው። የቀረኝ እንጦጦ ነበር።

ጋሼን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ድሮ ለክለብ ሮጠዋል፤ ዕድሜያቸው ከ50 አልፏል። የመጀመሪያ ቀን አልፌያቸው ሄድኩና ዳገቱ መሐል ትንፋሼ አጥሮ ጉልበቴን ይዤ ቆምኩ። ደረሱብኝና «ልጄ፣ ከኋላዬ ግባ። እግሬን ብቻ እያየህ ና» አሉኝ። ሩጫቸው ሶምሶማ ለማለት እንኳ የሚከብድ ዝግታ ነው። ዳገቱን ቀጥ ብለው አይወጡም፣ በባህር ዛፉ መሐል ወዲያና ወዲህ ይጠማዘዛሉ። የግራ ጫማቸው ተረከዝ በጥቁር ክር ተሰፍቷል፤ ዓይኔን እዚያ ክር ላይ ተከልኩ። ደረቁ ቅጠል ከእግራችን ስር ይንኮሻኮሻል፤ እሳቸው የዘለሉትን ሥር እኔም እዘላለሁ። 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሮጠን ስናቆም ማውራት እችል ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሽ ሲፈጥኑ ሰውነት ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ልምምዱም በየቀኑ ትግል ይሆናል። ልብና የደም ሥር የሚዳብሩት ግን በአብዛኛው ሳይታፈኑ ለረጅም ጊዜ በመሮጥ ነው። በቴሌቪዥን የማውቃቸው አትሌቶች በቀላል ቀናቸው እንደኛው በሰልፍ፣ አንዱ የአንዱን እግር እየተከተለ፣ ቀስ ብለው ሲያልፉ አይቻለሁ። እነሱ ካልቸኮሉ እኔን ምን ያስቸኩለኛል አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቴን ቤት ትቼ ነው ጫካ የምገባው። በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ፦ ሁለቱ ሶምሶማ፣ እሁድ ረጅም፣ ፍጥነት አንድ ቀን ብቻ፣ እሱም ኮሮኮንች ላይ። ስመለስ በሶ በጥብጬ እጠጣለሁ፤ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ አላመሽም። ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ እንቅልፉ ነበር።

በ2015 ታላቁ ሩጫን በ52 ደቂቃ ገባሁ። በ2016 48 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፤ ያን ቀን መጨረሻው መስመር ላይ አባቴን አስታውሼ አለቀስኩ። ግፊቴም ወርዶ ሐኪሙ በስድስት ወር አንዴ ብቻ ና ብሎኛል።

ማታ ለጋሼ ደውዬ ሰዓቴን ነገርኳቸው። «ጎሽ ልጄ፤ ነገ 12 ሰዓት ላይ እንዳትቀር» አሉኝ። ሰኞ ጠዋት ጉም እንደሸፈነው ጫካው ውስጥ 40 ደቂቃ ሮጥን፣ እኔ ከኋላ፣ የተሰፋው ጫማ ከፊት።