ቤቱን ሕጉ ያካፍለዋል፣ እናንተ ቀለቡን ተከራከሩ

እህቶቼ፣ ይሄን የምጽፈው ስፋታ አንድም ሰው ስለ ልጆች ቀለብ በደንብ ስላልነገረኝ ነው። ሁሉም የሚያወራኝ ስለ ቤቱ ነበር፣ ካርታው በማን ስም ነው፣ ከቤቱ እንዳትወጪ፣ ዕቃ ቁጠሪ ምናምን። ቤቱ ያሳስባል እሺ፣ ግን ለቤቱ ሕጉ ራሱ ይቆምልሻል። አዲስ አበባ የሚሠራበት የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ነው የሚነሳው፣ የግሌ ነው የሚለው ሰው ነው ማስረዳት ያለበት። የኛም እንደዛው ነበር፣ በባለሙያ አስገመትን፣ ኮንዶሚኒየሙ ለኔ ሲኖትራኩ ለሱ ሆኖ ልዩነቱ በብር ተቻቻለ፣ በቃ አለቀ።

ያቃጠለኝ ቀለቡ ነው።

ገና ፍቺው ሲነሳ ሽማግሌዎቹ ቁጭ አድርገውኝ ለአንድ ልጅ 1,500 ብር ተቀበይ፣ አባት ነው ልጆቹን አይጥልም፣ ችሎት ለችሎት አትንከራተቺ አሉኝ። ያኔ የትልቋ የትምህርት ቤት ክፍያ ብቻውን ከዛ ይበልጥ ነበር። አንዳቸውም የትምህርት ቤት ክፍያ ስንት ነው ብለው አልጠየቁኝም፣ እስከዛሬ ይሄ ያናድደኛል። እምቢ አልኩ፣ በዚህ እኮራለሁ።

ችሎት ስንቀርብ ደሞ ባለ ሲኖትራኩ ሰውዬ ቋሚ ሥራ የለኝም፣ በወር ተሯሩጬ የማገኘው 6,000 ብር ነው አለ። ደሞዝተኛ ቢሆን ከመሥሪያ ቤቱ የደሞዝ ማስረጃ ይመጣል፣ የግል ሥራ ላይ ያለ ሰው ሲሆን ግን ዳኛዋ ያላት ማስረጃ አንቺ የምታመጪው ብቻ ነው፣ ካላመጣሽ የሱ ቃል ይጸናል ማለት ነው። ቀለብ የሚቆረጠው በልጁ ፍላጎትና በሰጪው አቅም ልክ ስለሆነ ሁለቱንም ጎን በወረቀት ማሳየት ያስፈልጋል። የልጆቹ ጎን ቀላል ነው፣ የትምህርት ቤት ሪሲት፣ የሰርቪስ፣ የትንሹ የአስም መድኃኒት፣ የሠራተኛዋ ደሞዝ፣ ሁሉንም በወር በወር ጽፌ አያያዝኩ። የሱ አቅም ነው መከራው።

ከጋብቻችን መሃል ሲኖትራኩን ሲገዛ ባንክ ብድር ጠይቆ ነበር፣ እኔም እንደ ሚስት ፈርሜያለሁ። ብድር ለማግኘት ደሞ በወር ይሄን ያህል አስገባለሁ ብሎ በራሱ እጅ ሞልቶ ፈርሟል! ይሄ ትዝ ሲለኝ ባንኩ የብድር ፋይሉንና የሂሳብ ስቴትመንቱን እንዲልክ ትዕዛዝ ይሰጥልኝ ብዬ ማመልከቻ ይዤ ሄድኩ። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ ወረቀቱን ሳያነብ የባንክ ሚስጥር ነው አይቻልም ብሎ መለሰልኝ። በሌላ ቀን ስመለስ ከክስሽ ጋር ነበር ማያያዝ የነበረብሽ፣ አሁን አልፏል አለኝ። በእጄ የሌለና ባንክ ውስጥ ያለ ወረቀት እንዴት አድርጌ ነው ከክስ ጋር የማያይዘው? መስኮቱ ጋ ቆሜ አለቀስኩ፣ ከኋላዬ የተሰለፉት ደግሞ ቶሎ በይ ይላሉ። የሱ ሥራ እኮ ማመልከቻውን ተቀብሎ ለዳኛዋ ማቅረብ ነው፣ የሚፈቀድ የማይፈቀደውን የምትወስነው እሷ ናት።

በመጨረሻ በቀጠሮዬ ቀን ራሴ ለዳኛዋ በቃል ተናገርኩ። ማስረጃው ማን ጋ እንዳለ፣ የትኛው ቅርንጫፍ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ ነገርኳት፣ እዛው ትዕዛዝ ተጻፈ። ባንኩ ላከ። ብድር ሲጠይቅ የሞላው የወር ገቢ ለፍርድ ቤት ከተናገረው ብዙ እጥፍ ነበር፣ ስቴትመንቱም ያንኑ ነው የሚያሳየው። ለሁለቱ ልጆች በወር 9,000 ብር ተወሰነ።

ስለዚህ እኔን ከሰማችሁኝ፣ የስምምነት ፍቺ ፈጣን ነው ተብላችሁ የቀለቡን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። ፍርድ ቤት ስትሄዱ ሁሉም በስምምነት ጨርሱ ብሎ ነው የሚመክራችሁ፣ ለንብረቱ እኔም እስማማለሁ፣ ለቀለብ ግን መጀመሪያ የሱን ገቢ የሚያሳይ ነገር በእጃችሁ ይግባ። ገና አብራችሁ እያላችሁ የሊብሬውን፣ የንግድ ፈቃዱን፣ የብድር ውሉን ኮፒ አንሱ፣ ቢያንስ በስልክ ፎቶ። ይሄ ስርቆት አይደለም፣ የጋራ ንብረት ወረቀት ነው። ፍቺውን አንዳችሁ ብቻ ከጠየቃችሁ ደሞ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፣ ልጆቹ ግን ሦስት ወር ሳይበሉ አይቆዩም፣ ስለዚህ ጊዜያዊ ቀለብ ወዲያው በጽሑፍ ጠይቁ። ጠበቃ መክፈል የማትችሉ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሂዱ፣ ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣሉ።

ቀለቡ በባንክ ይግባላችሁ፣ በእጅ አትቀበሉ፣ በዘመድ በኩልም አይሁን። የኔ ሰውዬ መክፈል ሲያቆም የአፈጻጸም መዝገብ (ፍርዱ በግድ እንዲፈጸም የሚጠየቅበት) ስከፍት በእጅ ሰጥቻታለሁ ብሎ ነበር፣ የባንክ ደብተሬ ነው ያዳነኝ።

ደሞ አንዴ የተፈረደ ቀለብ ለዘላለም እንደዛው አይቀርም። ሁኔታ ሲለወጥ ይጨመርልኝ ማለት ይቻላል። የኔ የተወሰነው በ2015 ነው፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ ከተለቀቀ በኋላ መድኃኒቱም ትምህርት ቤቱም የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። አሁን የድሮውንና የዘንድሮውን ሪሲት ጎን ለጎን አያይዤ የጭማሪ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ቀጠሮው ለጥቅምት ነው።