ስድስት ሆነን በጎንደር የተማሪ ቅናሽ ያገኘንበት መንገድ

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ለሁለት ዓመት ያገለገለኝ አሮጌ ላፕቶፕ በዚያ ወቅት ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ፤ ጠጋኙም ማስጠገኛው ከራሱ ከላፕቶፑ ዋጋ ብዙ እንደማይርቅ ነገረኝ። ቤተሰቦቼ ደንቢያ ውስጥ ጤፍና ሽምብራ የሚያመርቱ ገበሬዎች ናቸው፤ ገንዘብ እጃቸው የሚገባው እህሉ ተወቅቶ ከተሸጠ በኋላ ስለሆነ፣ ከታኅሣሥ በፊት ምንም መጠየቅ አልፈለግሁም። በእነዚያ ወራት መግዛት ባልችልም ዋጋ ማጥናት ግን እችል ነበር፤ በመጨረሻ ላገኘነው ቅናሽ መሠረት የሆነውም ይኸው ጥናት ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሩቁን መንገድ ነበር። አሜሪካ ኮሌጅ የምትማረው የአክስቴ ልጅ በተማሪ ዋጋ ልትገዛልኝ ፈቃደኛ ነበረች። አፕል ለተማሪዎች በሚሸጥበት የተለየ ሱቅ የማክቡክ ኤር ዋጋ ከመደበኛው 100 ዶላር ይቀንሳል፤ ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮም ተመሳሳይ አሠራር አላቸው፤ ተማሪነትን የሚያረጋግጡት በትምህርት ቤት ኢሜይል ወይም ይህንኑ በሚያጣራ ሌላ ድርጅት አማካይነት ነው። ደንቡን አብረን ስናነበው ግን ቅናሹ የተፈቀደው ለተማሪው፣ ለተማሪው ወላጆችና ለመምህራን መሆኑን፣ አንድ ሰው በዓመት የሚገዛው ብዛትም የተወሰነ መሆኑን ተረዳን። መብቱ የእርሷ ነበር፤ በስሟ ለእኔ ብትገዛ ግን ያልሆነውን ሆኗል ብላ መመዝገብ ነበረባት፤ ይህን ልጠይቃት አልፈለግሁም። ደግሞም ከ999 ዶላር ላይ 100 ዶላሩ ሲቀነስ የሚቀረው 899 ዶላር በጊዜው ምንዛሬ ከ100,000 ብር በላይ ነበር። አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ዋጋ መጨመር ብቻ ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፊቴን ወደ ጎንደር ፒያሳ መለስኩ። ለሁለት ወር ያህል ከክፍል በኋላ በባጃጅ እየሄድኩ፣ ከውጭ የመጡ ያገለገሉ ላፕቶፖችን፣ ገበያው «ዩዝድ» የሚላቸውን፣ ዋጋ በደብተር እየመዘገብኩ ከረምኩ። ሞዴሉን፣ ጄነሬሽኑን (የፕሮሰሰሩን ትውልድ)፣ ራሙን (የሥራ ማስታወሻውን)፣ የኤስኤስዲውን (የፋይል ማከማቻውን) መጠን፣ የተጠየቅሁትን ዋጋና ቀኑን ጻፍኩ። ደብተሩ ከሁሉ በፊት ያስተማረኝ ነገር ቢኖር «የተማሪ ቅናሽ» የሚለው ማስታወቂያ ብቻውን ምንም እንደማይናገር ነው። አንድ ሱቅ በሩ ላይ ለተማሪ 10 በመቶ እንደሚቀንስ ለጥፎ፣ ባለ 8ኛ ጄነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለውን ላፕቶፕ 45,000 ብር ይጠራና በቅናሽ 40,500 ብር ይሸጠው ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለ ቅናሽና ያለ ማስታወቂያ ያው ዓይነት ላፕቶፕ 41,000 ብር ነበር። ያለ ቅናሽ የሚሸጥበትን ዋጋ አስቀድሞ ያላወቀ ሰው 4,500 ብር የተቀነሰለት ይመስለዋል፤ በእውነቱ የተቀነሰለት 500 ብር ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ የዶርም ጓደኛዬ በቴሌግራም «ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብቻ» የሚል ማስታወቂያ አይቶ 5,000 ብር ቀብድ ላከ። ላፕቶፑም አልመጣም፣ ገንዘቡም አልተመለሰም። ዕቃውን በዓይኔ ሳላይና በእጄ ሳልነካ ቀብድ ላለመክፈል የወሰንኩት የእርሱን ሐዘን ካየሁ በኋላ ነው።

በጄነሬሽኑ ላይ ጠንከር ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ። ሻጮች 6ኛና 7ኛ ጄነሬሽን በርካሽ ዋጋ ያቀርቡልን ነበር። ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ የሚያቋርጠው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መሆኑ አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛው ጄነሬሽን ጀምሮ ያሉትን ነው። ስለዚህ 7ኛ ጄነሬሽን የገዛ ተማሪ ጥቂት ሺህ ብር አተረፍኩ ሲል፣ ከመመረቁ በፊት የደኅንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ዕቃ ይዞ ይቀራል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ላፕቶፕ የሚፈልጉ አምስት የክፍል ጓደኞቼን ሳገኝ ነው። ስድስታችን በአንድ ላይ ሄደን አንድ ባለ ሱቅ አነጋገርን። እኚህን ሰው የመረጥኳቸው በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ስጠይቃቸው ዋጋውን ያለ ምክንያት ከፍና ዝቅ ሳያደርጉ የነገሩኝ እርሳቸው ብቻ ስለነበሩ ነው። «ጋሼ፣ ስድስት ብንወስድ ስንት ያደርጉልናል?» አልናቸው። «ልጆቼ፣ ስድስቱን ባንዴ ከከፈላችሁ እያንዳንዱን 36,500 አድርጌ እሰጣችኋለሁ» አሉን። የስድስት ላፕቶፕ ዋጋ ባንዴ መክፈል ግን አንችልም ነበር፤ ያሰብነው እቁብ ነው፤ እቁብ ደግሞ የሚደርሰው በተራ ነው። ነጠላ ዋጋው ከወር ወር እየጨመረ ስለነበር፣ ዕጣው መጨረሻ የሚወጣለት ሰው ብዙ ይጎዳል። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሰን ያቀረብንላቸው ሐሳብ ይህ ነበር፦ በጥር፣ በየካቲትና በመጋቢት ሁለት ሁለት እንወስዳለን፤ ዋጋው በሦስቱም ወር 36,500 ብር ሆኖ ይጸናል፤ ይህም በጽሑፍ ይሰፍራል።

እርሳቸው የጠየቁን ዋስትና ነበር። ከትምህርት ክፍላችን ስድስታችንም የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ተማሪዎች መሆናችንን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አወጣን። የትምህርት ክፍሉ ለዕዳችን ዋስ አልሆነም፤ ደብዳቤው የመሰከረው ማንነታችንን ብቻ ነው፤ ለእርሳቸው ግን ይህ በቂ ነበር። እያንዳንዳችን በየወሩ 12,200 ብር አዋጣን፤ በዙሩ ከሚሰበሰበው 73,200 ብር ውስጥ 73,000 ብሩ ለሱቁ ሲከፈል የቀረው 200 ብር ለባጃጅ ዋለ። የእኔ መዋጮ ከፊሉ ከሽምብራው ሽያጭ፣ ከፊሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በማስጠናት ያገኘሁት ነበር። ከመካከላችን ዳኛና ጸሐፊ መረጥን፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ላፕቶፑን ከመውሰዱ በፊት ከቡድኑ አንድ ዋስ እንዲያቀርብ ተስማማን። መጋቢት ላይ ያው ላፕቶፕ በነጠላ 44,000 ብር ሲጠራ እኛ የከፈልነው 36,500 ነበር። ስለዚህ በእኔ ስሌት በጥር ከ41,000 ብሩ ነጠላ ዋጋ ላይ ያገኘነው 4,500 ብር ቅናሽ የጥቅሙ ትንሹ ክፍል ነው፤ ትልቁ ዋጋውን በወረቀት ማሰራችን ነው። ብር በሚወርድበት ጊዜ የሚገዛ ተማሪ ከመቶኛው ይልቅ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ቢጠይቅ እመክራለሁ።

የምርመራውን ሥራ የተረከብኩት እኔ ነበርኩ። ባዮሱ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ በይለፍ ቃል አለመቆለፉን አየሁ፤ ብዙዎቹ ዩዝድ ላፕቶፖች ከውጭ ድርጅቶች የወጡ ስለሆኑ አንዳንዱ እንደተቆለፈ ይመጣል፤ እርሱን መክፈት ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ዊንዶውሱ ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ ኪቦርዱን ቁልፍ በቁልፍ፣ ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳዎችና ካሜራውን ፈተሽኩ። በመጀመሪያው ዙር የዘነጋሁት ባትሪውን ነው። ቻርጅ 100 ከመቶ ስላለ ብቻ ደኅና መሰለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መብራት በጠፋ ቁጥር ከሁለቱ ላፕቶፖች አንዱ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደማይቆይ ባለቤቱ ነገረችኝ። ዊንዶውስ ራሱ በሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ውስጥ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘው አቅም ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ የእርሷ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ነበር። ስምምነታችን ላይ ስለ ባትሪ ምንም አልተጻፈም ነበርና ሱቁን መጠየቅ አልቻልንም፤ ጥፋቱ የምርመራው ስለነበር ከቡድኑ አዋጥተን ሌላ ባትሪ ገዛንላት። ከየካቲት ጀምሮ ሪፖርቱን ሳላይ ገንዘብ እንዲከፈል አልፈቀድኩም።

ቅናሹ ከላፕቶፑ ጋር አላበቃም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆን ከሁሉ የበለጠ የሚያስገኘው በሶፍትዌር ላይ ነው፤ ይህን ዘግይቼ በማወቄ እቆጫለሁ። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት የጊትሀብ ድረ ገጽ የተማሪዎች ጥቅልና የጄትብሬይንስ የፕሮግራም መጻፊያዎች ተማሪነቱን ላረጋገጠ ሰው በነፃ ይሰጣሉ፤ ከጎንደር ሆኖ ማመልከትም ይቻላል። ሻጮች በየላፕቶፑ የሚጭኑትን ያለ ፈቃድ የተባዛ ኦፊስ ሁላችንም አጥፍተን በምትኩ በነፃ የሚገኘውን ሊብሬኦፊስን ጫንን።

በዚህ መንገድ ላይ ያጋጠመኝን አንድ እንቅፋት ግን ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። ከአንድ ድርጅት የተማሪ ፈቃድ ለማግኘት የመታወቂያዬን ፎቶ ብልክ የአገልግሎት ዘመኑ አልፏል ተብሎ ተመለሰብኝ። መታወቂያው የሚያገለግለው እስከ 2018 ነበር፤ ያ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው። አጣሪው በራሱ አቆጣጠር 2025 ላይ ሆኖ ሲያነበው፣ መታወቂያዬ ካለፈበት ሰባት ዓመት ሆኖታል። ለላፕቶፑ ያወጣነውን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ፣ ቀኑንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስጽፌ ከመታወቂያው ጋር ብልክ ፈቃዱ ተሰጠኝ።

በዚህ ዓመት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የእቁባችንን ስምምነት ጠይቀውኝ ቅጂውን ሰጠኋቸው። ከመስጠቴ በፊት ግን የእኛው ላይ ያልነበረ አንድ አንቀጽ ጨመርኩበት፦ የማንኛውም ላፕቶፕ ባትሪ ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው አቅም 80 ከመቶ በታች የሚይዝ ከሆነ፣ ገዢው ዕቃውን በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ሌላ መውሰድ ይችላል።