ሉሚና ከመቀባታችሁ በፊት

የሉሚና ሐሳብ ቀላል ነው፤ ጥርስ የሚበላውን ባክቴሪያ በማይበላ ወንድሙ መተካት። ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የሚባለው የአፍ ባክቴሪያ ስኳር ሲያገኝ ላክቲክ አሲድ ያመርታል፤ ጥርስ የሚቦረቡረው አሲዱ ነው። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሂልማን የባክቴሪያውን ዘረመል ቀይረው በአሲዱ ፋንታ ጥቂት አልኮል እንዲያመነጭ አደረጉት። ሚውታሲን 1140 የሚባል ንጥረ ነገርም ስለሚያመርት ነባሮቹን እየገደለ ቦታቸውን ይይዛል። ኦራጀኒክስ የተባለው ኩባንያ በሰው ላይ ሊሞክረው ጀምሮ ፈቃደኛ አጥቶ ተወው። በኋላ ላንተርን ባዮወርክስ ሉሚና ብሎ አወጣው። በ2024 መጀመሪያ ሆንዱራስ፣ ፕሮስፔራ በምትባል የራሷ ደንብ ባላት ልዩ ቀጠና ውስጥ 20,000 ዶላር ይጠየቅበት ነበር፤ ከዚያ ቅድመ ትዕዛዙ 250 ዶላር ሆነ።

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ቤተሰባችን በጥርስ የተጎዳ ነው፤ እናቴ ገና ጎልማሳ ሳለች መንጋጋዎቿን አስነቅላ ጨርሳለች። አዘዝኩ፣ መጣ። እዚህ ድረስ ችግር የለም።

ጣጣው ጥርስ ክሊኒክ ሄዶ ማሳጠቡ ላይ ነው። አዲሱ ባክቴሪያ እንዲይዝ ጥርስ በደንብ መታጠብ አለበት፤ ከዚያ ዱቄቱን በብሩሽ መቀባት ነው። ቀጠሮ ስይዝ በስልክ ነገርኳቸው፦ ባክቴሪያ ገዳይ መጉመጥመጫ አትስጡኝ፣ ፍሎራይድም አትቀቡኝ። «እሺ፣ ፋይልሽ ላይ ጽፈነዋል» አሉኝ። በዕለቱ ለምታጥበኝም ደገምኩላት። ሐበሻ ነበረች። «አታስቢ የኔ እህት» አለችኝ።

ስትጨርስ ድዴ ደምቷል። ትንሽ የወረቀት ኩባያ ሰጠችኝና «ተጉመጥመጪ» አለችኝ። ውሃ መስሎኝ አፌ ውስጥ ጨመርኩት። ምሬቱ ከሚንት ጋር ምላሴ ላይ ሲመጣ ገባኝ። ክሎርሄክሲዲን ነው፤ ያው አትስጡኝ ያልኩት ባክቴሪያ ገዳይ መጉመጥመጫ። «ለሁሉም እንሰጣለን እኮ፣ ድድሽ ስለደማ ነው።» ክሎርሄክሲዲን ደግሞ ጥርስ ላይ ተጣብቆ ለሰዓታት ይሠራል። በዚያ ቀን መቀባት ገንዘብ መድፋት ነበር።

ድጋሚ አጥቡኝ ስል፣ ኢንሹራንስሽ በስድስት ወር አንዴ ነው የሚከፍለው አለችኝ ካውንተር ላይ ያለችው። ፋይሉን ክፈቺው አልኳት። ከፈተችው፤ ተጽፏል። «ማስታወሻ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም» አለች። ሐኪሙ ብቅ ብሎ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ላልፈቀደው ነገር ኃላፊነት አንወስድም አለኝ። ቀቡልኝ መቼ አልኩ? የጠየቅኩት አልፈልግም ያልኩትን አፌ ውስጥ እንዳይጨምሩ ነው። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሌላ ክሊኒክ ሄጄ ከኪሴ ከፍዬ ታጠብኩ።

በስልክ አትመኑ። ጽፋችሁ ሂዱ፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት አሳዩ፣ የሚሰጧችሁን ኩባያ ሁሉ ምንድነው በሉ።

ሐኪሞች በቂ ጥናት እስኪሠራ ጠብቁ ይላሉ። እውነት ነው፣ እንደሚሠራ ያረጋገጠ ትልቅ የሰው ሙከራ የለም፤ የሚሸጠውም እንደ ኮስሞቲክስ ነው። ግን ለራሱ የሚወስን አዋቂ ቢሞክር መብቱ ነው ባይ ነኝ። ሕፃን ያለበት ቤት ግን ፈጽሞ አልስማማም። ሚውታንስ በምራቅ ይተላለፋል፤ እኛ ደግሞ ቀምሰን በዚያው ማንኪያ የምናጎርስ ሰዎች ነን። እህቴ አራስ ሆና እኔ ጋ በነበረችበት ጊዜ ዕቃውን ሳልከፍት አስቀመጥኩት። ልጇን ይዛ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው የቀባሁት። በዚህ እኮራለሁ።

ይዞልኝ እንደሆነ ተራ ክሊኒክ መርምሮ አይነግረኝም። ጠዋትና ማታ በፍሎራይድ ሳሙና መቦረሼንም አልተውኩም፤ አሲድ የሚያመርተው ሚውታንስ ብቻ አይደለም።